ከፊል የጡት ጨረር ሕክምና፦ ለማን ይሆናል፣ ለማንስ አይሆንም?

ከፊል የጡት ጨረር ሕክምና ማለት የካንሰር ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ጡቱን በሙሉ ሳይሆን፣ ዕጢው የነበረበትን ቦታና በዙሪያው ያለውን ጥቂት የጡት ክፍል ብቻ በጨረር ማከም ነው። የሚታሰበውም ጡታቸው ሳይቆረጥ ዕጢው ብቻ ተለይቶ ለወጣላቸው ታካሚዎች ነው። ጡቱ በሙሉ ከወጣ ይህ ሕክምና አይነሳም፤ ያኔ ጨረር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ጥያቄ በሌላ መንገድ ነው የሚመለሰው።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጨረር አልሰጥም፣ የመጨረሻውን ውሳኔም አልወስንም፤ ውሳኔው የጨረር ኦንኮሎጂስቱ፣ የቀዶ ሐኪሙና የታካሚዋ ነው። ነገር ግን ብዙ ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወረቀታቸውን ይዘው መጀመሪያ የሚመጡት እንደኔ ወዳለ ሐኪም ነው። «ዶክተር፣ ለጎረቤቴ አምስት ቀን ብቻ ነው የሰጧት፤ እኔስ ለምን ይረዝምብኛል?» ይላሉ። ወይም ውጭ አገር ያለች እህት በስልክ «አጭሩን ጠይቂያቸው» ብላቸዋለች። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በአብዛኛው ያለው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሚወጣው የፓቶሎጂ ውጤት ላይ በተጻፉ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ እነዚያን መስመሮች እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ያስረዳል።

ለምን ጡቱ በሙሉ? ለምንስ በከፊል?

ዕጢው ወጥቶ ሳለ ጨረር የሚሰጠው በዓይንም ሆነ በማሞግራም የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት በቀረው ጡት ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ ነው። በአሜሪካ በፕሮፌሰር በርናርድ ፊሸር የተመራው ቢ-06 የተባለው ጥናት ታካሚዎቹን 20 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ውጤት፣ ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ካላገኙት ሴቶች 39.2 በመቶ ያህሉ በዚያው ጡት ካንሰሩ ተመልሶባቸዋል፤ ጨረር ካገኙት ግን 14.3 በመቶ ያህሉ ናቸው። እነዚህ የቆዩ ቁጥሮች ናቸው። ዛሬ በተሻለ ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት ምክንያት ሁለቱም ወርደዋል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን አልጠፋም።

ካንሰሩ በዚያው ጡት ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው ቀድሞ በነበረበት ቦታ ወይም በአቅራቢያው ነው። ከዚያ ርቆ በሌላው የጡት ክፍል የሚነሳው ጥቂቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ጤነኛውን የጡት ክፍል፣ ቆዳውን፣ ከሥር ያለውን የሳንባ ክፍል፣ ግራ ጡት ሲሆን ደግሞ ልብን ጭምር ለጨረር ማጋለጥ ለምን ያስፈልጋል? የከፊል ጨረር ሐሳብ የተነሳው ከዚህ ነው።

ሐሳቡ በጥናት ተፈትኗል። በብሪታንያ የተደረገው «ኢምፖርት ሎው» የተባለ ጥናት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዕጢያቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ከ2,000 በላይ ሴቶችን አካትቷል። ሦስቱም የጥናቱ ቡድኖች ሕክምናውን በ15 ጊዜ ነበር የወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በዚያው ጡት የተመለሰው ካንሰር ሙሉ ጡታቸው ከታከመው 1.1 በመቶ፣ ከፊሉ ብቻ ከታከመላቸው ደግሞ 0.5 በመቶ ነበር። በጣሊያን ፍሎረንስ 520 ሴቶች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ከፊል ጨረሩን በአምስት ጊዜ ብቻ፣ ቀን እያሳለፈ ሰጥቷል። ከአሥር ዓመት በኋላ የመመለሱ መጠን በከፊሉ 3.7፣ በሙሉው 2.5 በመቶ ሆነ፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ሚዛን ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። የቆዳ ጉዳቱ በከፊሉ ቡድን ያነሰ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ሲያነቡ ግን አንድ ነገር እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ጥሩው ውጤት የተገኘው ተመርጠው በገቡ ሴቶች ላይ ነው። በአሜሪካ የተደረገው «ቢ-39» የተባለው ትልቅ ጥናት ከ4,000 በላይ ሴቶችን ሲያካትት በሩን ሰፋ አድርጎ ነበር የከፈተው፤ ወጣት ሴቶችም፣ በብብታቸው ንፍፊት ካንሰር የተገኘባቸውም ገብተዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ካንሰሩ የተመለሰው በከፊል ጨረር 4.6፣ በሙሉ ጨረር 3.9 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም አጥኚዎቹ ቀድመው ባስቀመጡት መስፈርት ሁለቱን ሕክምናዎች «እኩል ናቸው» ለማለት አልቻሉም። ስለዚህ «ከፊል ጨረር ይሠራል ወይ?» ብሎ በጥቅሉ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው «ለዚህች ሴት ይሠራል ወይ?» የሚለው ነው።

ውሳኔው የሚጀምረው ከፓቶሎጂው ወረቀት ነው

በባዮፕሲ ጊዜ የወጣው የመጀመሪያው ውጤት አይበቃም። የሚያስፈልገው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሙሉው የወጣ ናሙና ተመርምሮ የሚጻፈው ነው። ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ሐኪምዎ መስመር በመስመር እንዲያነብልዎ ይጠይቁ።

መጀመሪያ የዕጢው መጠን ነው። በአልትራሳውንድ የተለካው ሳይሆን ፓቶሎጂስቱ በወጣው ናሙና ላይ የለካው ማለት ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ዕጢ ለከፊል ጨረር ምቹ ነው። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያለው ሌሎቹ ነገሮች ጥሩ ከሆኑ ይታሰባል። ከ3 በላይ ሲሆን አይመከርም።

ቀጥሎ ጠርዙ ነው፤ እኔ በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እቆማለሁ። ከድንች ላይ የተበላሸውን ቦታ ቆርጠን ስንጥል ዙሪያውን ከጤነኛው ጥቂት ጨምረን እንደምንቆርጠው ሁሉ፣ የቀዶ ሐኪሙም ዕጢውን ከጤነኛ የጡት ክፍል ጋር አድርጎ ያወጣዋል። ፓቶሎጂስቱ የወጣውን ናሙና ውጫዊ ገጽ በቀለም ይቀባና ካንሰሩ እስከ ቀለሙ መድረስ አለመድረሱን በማይክሮስኮፕ ያያል። ቀለሙን ከነካ ጠርዙ ንጹሕ አይደለም ይባላል፤ በጡት ውስጥ የቀረ ካንሰር ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከፊል ጨረር አይሰጥም፤ አስቀድሞ እንደገና ቀዶ ሕክምና ማድረግ ያስፈልግ እንደሆነ ይታያል። ከፊል ጨረር የሚሰጡ ማዕከላት በካንሰሩና በቀለሙ መካከል ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ንጹሕ ክፍል እንዲኖር የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ሙሉ ጡቱ ሲታከም ጨረሩ ሰፊ ቦታ ስለሚሸፍን ጥቂት ስህተትን ይሸፍናል። ከፊል ጨረር ግን ይህን ያህል ምሕረት የለውም።

ሦስተኛው የብብት ንፍፊቶች ናቸው። ከዕጢው የሚነሳው ፈሳሽ መጀመሪያ የሚደርስባቸው አንድ ወይም ጥቂት ንፍፊቶች ተለቅመው ይመረመራሉ። ካንሰር ከተገኘባቸው፣ በሽታው ከጡቱ መውጣት ጀምሯል ማለት ስለሆነ ጨረሩን አጥብቦ መስጠት ትክክል አይሆንም። ኢምፖርት ሎው እስከ ሦስት ንፍፊት ድረስ የተነካባቸውን ቢቀበልም እነሱ በጥናቱ ጥቂት ነበሩ፤ የዛሬዎቹ መመሪያዎች ከካንሰር ነጻ የሆነ ንፍፊት ይጠይቃሉ። ንፍፊቱ ጭራሽ ካልተመረመረስ? «አልተገኘበትም» እና «አልታየም» አንድ አይደሉም። ያልተመረመረን ንፍፊት እንደ ነጻ አይቁጠሩት።

ግሬድ የሚባለው የካንሰሩ ሕዋሳት ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቁ የሚያሳይ ከ1 እስከ 3 ያለ ቁጥር ነው። ከበሽታው ደረጃ ጋር አይምታታብዎት፤ «ግሬድ 3» ማለት «ሦስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ካንሰር» ማለት አይደለም። ግሬድ 1 እና 2 ለከፊል ጨረር ተስማሚ ናቸው፤ 3 ሲሆን ጥያቄ ይነሳል። ኢአር የሚባለው የኢስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ «ፖዘቲቭ» ቢሆን ይመረጣል፤ እንዲህ ያለው ካንሰር በአብዛኛው ዝግ ያለ ነው፣ እንደ ታሞክሲፈን ወይም ሌትሮዞል ያለ የሆርሞን መድኃኒትም ይረዳዋል። ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን «ፖዘቲቭ» ከሆነና ለእሱ የተሠራውን እንደ ትራስቱዙማብ ያለ መድኃኒት ታካሚዋ ካላገኘች ከፊል ጨረር አይመከርም። ካንሰሩ በናሙናው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን የደም ወይም የሊምፍ ቧንቧዎች በስፋት ገብቶ ከታየ፣ ወይም ዓይነቱ ሎቡላር ከሆነ፣ ወይም በአንድ ጡት ውስጥ ከአንድ በላይ ቦታ ዕጢ ከተገኘ ሐኪሞች ወደ ሙሉ ጨረር ያዘነብላሉ። ሎቡላር ካንሰር ድንበሩ ስለማይለይና ተበታትኖ ስለሚያድግ ነው የሚፈራው።

ከወተት ቧንቧው ግድግዳ ያልወጣ፣ ዲሲአይኤስ የሚባል የመነሻ ካንሰርም አለ። ይህም መጠኑ ትንሽ፣ ግሬዱ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ፣ ጠርዙም ንጹሕ ከሆነ በከፊል ጨረር ሊታከም ይችላል።

ከወረቀቱ ውጭ ያሉት፦ ዕድሜ፣ ጂን፣ ቀድሞ የተወሰደ ሕክምና

የአሜሪካ የጨረር ኦንኮሎጂ ማኅበር መመሪያ ከ40 ዓመት በታች ለሆኑ ሴቶች ከፊል ጨረርን አይመክርም። የአውሮፓው ማኅበር ኤስትሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የባለሙያዎች ስምምነት ደግሞ መስመሩን 50 ዓመት ላይ አድርጎታል። በወጣት ሴቶች ካንሰሩ በዚያው ጡት የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። በ40 እና በ50 መካከል ላለች ሴት እንግዲህ መልሱ በምትታከምበት አገርና ማዕከል ሊለያይ ይችላል፤ ይህ የሐኪሞቹ ስንፍና ሳይሆን የመረጃው ማነስ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚመለከት ነገር ልጨምር። ውጭ የሚኖሩ አንዳንድ ወገኖቻችን የልደት ዘመናቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደነበረ በፈረንጅ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቀርቷል። በ1970 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በፈረንጅ 1977 ወይም 1978 ነው የተወለደችው፤ በወረቀቷ ላይ 1970 ተብሎ ከተጻፈ ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አርጅታ ትታያለች። የ47 ዓመቷ ሴት 55 ሆና ትመዘገባለች ማለት ነው። ለመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለጨረር ሐኪምዎ ግን ትክክለኛ ዕድሜዎን ይንገሩ። ዕድሜ የሚታየው ለዚህ ሕክምና ብቻ አይደለም፤ የመድኃኒት ምርጫም በዕድሜና በማረጥ ላይ የተመሠረተ ነው።

በቤተሰብ ውስጥ እናት፣ እህት ወይም አክስት የጡት ወይም የእንቁልጢ ካንሰር ከነበረባቸው ይህንንም ያሳውቁ። ቢአርሲኤ 1 ወይም 2 በሚባሉት ጂኖች ላይ ለውጥ ያላት ሴት በቀረው የጡት ክፍል አዲስ ካንሰር የመነሳት ዕድሉ ከፍ ስለሚል ከፊል ጨረር አይመከርላትም። እንዲያውም ብዙዎች ጡትን ስለማስወጣት ነው የሚመካከሩት።

ኬሞቴራፒ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከተሰጠ ደግሞ ዕጢው ስለሚሟሽሽ የመጀመሪያ ድንበሩ የት እንደነበረ ማወቅ ያስቸግራል። እንዲህ ያሉ ሴቶችን ከፊል ጨረር አይመለከታቸውም። ብዙዎቹ «ዕጢዬ ጠፍቷል ተብያለሁ፣ ታዲያ ለምን ሰፊ ጨረር?» ብለው ይገረማሉ። ዕጢው መጥፋቱ ታላቅ ዜና ነው። ሆኖም ጨረሩ የሚታቀደው መጀመሪያ የነበረውን በሽታ ጭምር ከግምት አስገብቶ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ በእርግዝና ጊዜ የጡት ጨረር አይሰጥም። ቀደም ሲል ደረታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ፣ ወይም እንደ ስክሌሮደርማ ያለ ቆዳን የሚያጠነክር በሽታ ያለባቸው ከፊልም ሆነ ሙሉ ጨረር ከመጀመሩ በፊት ለብቻው መመዘን አለባቸው።

መካከል ላይ የሚቀሩት

አንዲት የ58 ዓመት ሴት 1.4 ሴንቲ ሜትር፣ ግሬድ 1፣ ኢአር ፖዘቲቭ፣ ኸር-2 ኔጋቲቭ የሆነ ዕጢ ወጥቶላት፣ ጠርዟ ንጹሕ፣ ንፍፊቷም ነጻ ቢሆን ብዙ ክርክር የለም፤ ከፊል ጨረር ለእሷ በቂ ሕክምና ነው። አንዲት የ36 ዓመት ሴት ሁለት ንፍፊቷ ከተነካ ደግሞ በሌላ በኩል ክርክር የለም። የሚያስቸግሩት መካከል ያሉት ናቸው። የ52 ዓመት ሴት፣ 2.3 ሴንቲ ሜትር፣ ግሬድ 3፤ ወይም ሁሉም ነገሯ ጥሩ ሆኖ ኢአር ኔጋቲቭ የሆነባት። መመሪያዎቹ ለእነዚህ «ሊታሰብ ይችላል» ይላሉ። «ሊታሰብ ይችላል» ማለት ታካሚዋን አስቀምጦ የሚታወቀውንና የማይታወቀውን መንገር ነው። አንድ የማያመች ነገር ብቻውን ሲሆንና ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ አንድ አይደለም፤ ግሬድ 3 ላይ ኢአር ኔጋቲቭ ሲጨመር እኔ ብጠየቅ ሙሉውን እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መረጃው የሌለበት ጉዳይ ነው። አንዲት ታካሚ ከቀዶ ሕክምናዋ ሦስት ሳምንት በኋላ አንድ መስመር ብቻ የተጻፈበት ውጤት ይዛ መጣች፦ የካንሰሩ ስም ብቻ። መጠን የለ፣ ጠርዝ የለ፣ ተቀባይ የለ። ናሙናው በቀለም አልተቀባም፤ ተቆራርጦም ስለነበር ተመልሶ ጠርዙን ማየት አልተቻለም። ምናልባት ለከፊል ጨረር በጣም ተስማሚ ሴት ነበረች። ምናልባት እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ነበር። ማወቅ አልተቻለም፤ ስለዚህ ሐኪሞቿ ሙሉ ጡቷን ዕጢው በነበረበት ቦታ ላይ ተጨማሪ መጠን ጨምረው አከሟት። ልክ ነበሩ። ማስረጃ ሲጎድል ጨረሩ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

የዕጢው ቦታ የት እንደነበረ ማግኘት

ወረቀቱ ሁሉ ጥሩ ቢሆንም ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ በትክክል መታወቅ አለበት። ጠባሳው ያለበት ቦታና ዕጢው የነበረበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም፤ የቀዶ ሐኪሙ ለመልክ ሲል ቁርጡን በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ወይም ከሥር ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ መፍትሔው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ዕጢው በወጣበት ክፍት ቦታ ግድግዳ ላይ ክሊፕ የሚባሉ ትናንሽ የብረት ምልክቶችን መተው ነው። በኋላ በሲቲ ስካን ዕቅድ ሲወጣ ክሊፖቹ ነጭ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ክሊፕ ከሌለና ቁስሉ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽም ከጠፋ ቦታውን መገመት ብቻ ነው የሚቀረው፤ በግምት ደግሞ ከፊል ጨረር አይሰጥም። ጡቱን ለማስተካከል ሥጋው ከቦታ ወደ ቦታ ከተዘዋወረም ችግሩ ተመሳሳይ ነው።

የሚታከመው ክፍል ከጡቱ ጋር ሲነጻጸርም ይታያል። ጡቱ ትንሽ ሆኖ የወጣው ክፍል ሰፊ ከሆነ «ከፊሉ» ራሱ የጡቱን አብዛኛውን ክፍል ይይዛል፤ ያኔ ጥቅሙ ይቀንሳል።

አጭርና ከፊል አንድ አይደሉም

ወደዚያች «አምስት ቀን ብቻ ወደ ሰጧት» ጎረቤት ልመለስ። ምናልባት የተሰጣት ከፊል ጨረር ላይሆን ይችላል። በብሪታንያ የተደረገው «ፋስት ፎርዋርድ» የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳየው፣ ሙሉ ጡትን በ26 ግሬይ፣ በአምስት ጊዜ፣ በአንድ ሳምንት ማከም በሦስት ሳምንት ከሚሰጠው ጋር ተመጣጣኝ ውጤት አለው። ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው። ስለዚህ ለከፊል ጨረር የማይሆኑ ብዙ ሴቶችም አጭር ሕክምና ሊያገኙ ይችላሉ። የሚያስጨንቅዎት የቀኑ ብዛት፣ የመኪናው ወጪና የልጆቹ ነገር ከሆነ «ከፊሉን ስጡኝ» ከማለት «ለእኔ የሚሆነው አጭሩ ሕክምና የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ከፊል ጨረር የሚሰጥበት መንገድም ብዙ ነው። ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጠው በብዙ ቦታ የሚገኘው ነው፤ በፍሎረንሱ ጥናት መጠኑ 30 ግሬይ በአምስት ጊዜ፣ በኢምፖርት ሎው 40 ግሬይ በ15 ጊዜ ነበር። በጡቱ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎችን አስገብቶ ከውስጥ ማከምም አለ፤ ልምድ ባላቸው እጆች ውጤቱ ጥሩ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚሰጠው ግን «ራፒድ» በተባለው ጥናት ካንሰሩን ቢቆጣጠርም ጡቱን አጠንክሯል፣ መልኩንም አበላሽቷል። በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረርም በጣም ማራኪ ይመስላል። ይሁንና በሚላን በተደረገው «ኤሊዮት» ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰው 4.4 በመቶ ሲሆን፣ ሙሉ ጨረር ባገኙት 0.4 በመቶ ነበር። አንዱ ምክንያት ጨረሩ የሚሰጠው የመጨረሻው የፓቶሎጂ ውጤት ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ነው። ወረቀቱ ሳይነበብ የሚወሰን ውሳኔ ነው።

በዕድሜ ለገፉ ሴቶች ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ጨረርን ጭራሽ መተው። «ፕራይም 2» የተባለው ጥናት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የሆርሞን መድኃኒት የሚወስዱ፣ ንፍፊታቸው ነጻ የሆነ ሴቶችን ለአሥር ዓመት ተከታትሏል። ካንሰሩ በዚያው ጡት የተመለሰው ያለ ጨረር 9.5፣ በጨረር 0.9 በመቶ ነበር። በሕይወት የመኖሩ ቁጥር ግን በሁለቱም ወደ 81 በመቶ ገደማ ሆኖ እኩል ነበር። ክኒኑን ሳያቋርጡ ለአምስት ዓመት መዋጥ የሚችሉ እናት ጨረሩን ሊተዉት ይችላሉ። መገጣጠሚያ አሟቸው ወይም መድኃኒቱ ጠፍቶ የሚያቋርጡ ከሆነ ግን አጭር ከፊል ጨረር ይሻላቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ክኒኑን በእውነት እየዋጡት እንደሆነ ይንገሩ፤ ላለማሳፈር ብሎ «እየወሰድኩ ነው» ማለት እዚህ ላይ ይጎዳል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

ለረዥም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም ወራት ይፈጅ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማና ሐረር ባሉ ከተሞችም ሕክምናው ተጀምሯል። ቢሆንም ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ጨረር ማለት ቤት ተከራይቶ፣ አስታማሚ ይዞ ለሳምንታት መቀመጥ ማለት ነው። ከ15 ወደ 5 መውረድ ለብዙ ቤተሰብ በሬ የመሸጥና ያለመሸጥ ልዩነት ነው።

ሆኖም በግልጽ መናገር ይገባል፤ ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን ለከፊል ጨረር አይሆኑም። አብዛኛዎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ዕጢው ከገዘፈና ብብት ከደረሰ በኋላ ነው የሚመጡት፣ ጡታቸውም በሙሉ ይወጣል። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ የተገኘላት ሴት ግን እየበዛች ነው፤ ለእሷ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ቀን ነው። ስለዚህ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባትዎ በፊት የቀዶ ሐኪምዎን እነዚህን ይጠይቁ፦ ዕጢው ሲወጣ ክሊፕ ይደረግልኛል? ናሙናው ሳይቆራረጥ፣ አቅጣጫው በክር ምልክት ተደርጎበት፣ በበቂ ፎርማሊን ውስጥ ወዲያው ይላካል? ጠርዙ፣ መጠኑ፣ ግሬዱ፣ ኢአርና ኸር-2 በውጤቱ ላይ ይጻፋሉ? ንፍፊቴስ ይመረመራል? ናሙናውን ወደ ላብራቶሪ የሚወስደው ቤተሰብ ከሆነ፣ በአገራችን ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው፣ ያለ ፎርማሊን በፌስታል ይዞ ማደር የሆርሞን ተቀባይ ምርመራውን ከጥቅም ውጭ እንደሚያደርገው ይወቁ። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐኪምን መዳፈር አይደለም።

ከሕክምናው በኋላ

በከፊል ጨረር ጊዜ ድካምና የታከመው ቦታ መቅላት ይኖራል፤ በአብዛኛው ከሙሉው የቀለለ ነው። ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት የሕክምና ቡድኑን ሳይጠይቁ አይቀቡ። ከወራት በኋላ በጠባሳው አካባቢ ጠጠር ያለ ነገር ሊዳሰስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በጨረሩ የተጎዳ ስብ ነው፣ ግን ሳይመረመር «ስብ ነው» ተብሎ አይተውም። ያልታከመው የጡት ክፍል ጨረር ስላላገኘ ክትትሉ ይበልጥ ያስፈልገዋል፦ ማሞግራም በየዓመቱ፣ የመጀመሪያው ሕክምናው ካለቀ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ። የፓቶሎጂውን ወረቀትና የጨረሩን ማጠቃለያ፣ የተሰጠውን መጠን፣ የጊዜውን ብዛትና የታከመውን ቦታ ጭምር፣ ቅጂ ወስደው ቤትዎ ያስቀምጡ። አገር ቢቀይሩ ወይም ከዓመታት በኋላ ሌላ ሕክምና ቢያስፈልግዎ አዲሱ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።